ከባዜቃው ቱቦ እስከ ፍፁም ዜሮ

ባዶ ሃይላንድ አዲስ አበባ ላይ ክዳኑን ጥብቅ አድርጎ ዘግቶ ጅቡቲ የወረደ ሰው፣ ማንም ሳይነካው ጎኑ ገብቶ ተጨማዶ ያገኘዋል። ውስጡ የታሰረው የደጋ አየር ነው፤ የባሕር ዳርቻው አየር ግፊት ያይልበታል። ምን ያህል እንደሚጨማደድ ማስላት ዛሬ የተማሪ ሥራ ነው። ስሌቱ እዚህ ለመድረስ ግን ሁለት መቶ ዓመት ሊሞላው ጥቂት ቀርቶት ነበር። (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ሮበርት ቦይል እንደተገለበጠ ከዘራ የተቆለመመ ረጅም የመስታወት ቱቦ አዘጋጀ። የአጭሩ ጎን አፍ የተደፈነ ነው፤ በረጅሙ በኩል ባዜቃ፣ ማለትም ሜርኩሪ፣ እየጨመረ የታፈነው አየር ሲጠብ ለካ። ቱቦ ተሰብሮበት እንደገና ጀምሯል። በ1662 ባሳተመው ሰንጠረዥ ላይ፣ 48 ክፍል የያዘው አየር ግፊቱ 29 ኢንች ከ2/16 ባዜቃ ነበር። አየሩ ወደ 24 ክፍል ሲወርድ ግፊቱ 58 ከ13/16 ደረሰ። ሕጉ ይዘት በግማሽ ሲቀንስ ግፊት እጥፍ ይሆናል ይላል፤ ልክ እጥፉ 58 ከ4/16 ነበር። ቦይል ዝንፉን አልደበቀም፤ የለካውንና እንደ ሕጉ ሊሆን የሚገባውን ጎን ለጎን አተመው። መላ ምቱም የሪቻርድ ታውንሊ መሆኑን መሰከረ። ከሕጉ ይልቅ እኔን የሚያስደንቀኝ ይህ ሐቀኝነት ነው።

የሙቀቱ ነገር የበለጠ አስቸገረ። በ1783 በሃይድሮጂን ፊኛ ከፓሪስ ሽቅብ የወጣው ዣክ ሻርል፣ ጋዞች ሲሞቁ በእኩል መጠን እንደሚሰፉ ቢያስተውልም አላሳተመውም። በ1802 ጌ-ሉሳክ አሳተመው፤ የሻርልንም ስም አነሳ። በእሱ ልኬት፣ በበረዶ ሙቀት 100 የሆነ ጋዝ በፈላ ውሃ ሙቀት 137.5 ይሆናል። ከዚህ ተነስቶ ወደ ኋላ ቢቆጠር የጋዙ ይዘት ከዜሮ በታች 267 ዲግሪ ላይ ባዶ ይሆናል። በ1834 ክላፔሮን ግፊትን፣ ይዘትንና ሙቀትን በአንድ ቀመር ሲያስር የተጠቀመው ይህንኑ 267 ነው። በኋላ ሬኞ በጥንቃቄ ለክቶ ቁጥሩን ወደ 273 አቀረበው፤ በ1848 ደግሞ ኬልቪን የፍፁም ሙቀትን መለኪያ ሐሳብ አቀረበ።

ስሌቱ ልክ የሚመጣው ከፍፁም ዜሮ፣ ማለትም ከዜሮ በታች ከ273 ዲግሪ፣ ሲቆጠር ብቻ ነው። ሙቀት ከ15 ወደ 30 ዲግሪ ሴልሺየስ ሲወጣ እጥፍ የሆነ ይመስላል፤ በኬልቪን ግን ከ288 ወደ 303 ነው፤ ግፊቱ ካልተለወጠ ጋዙ የሚሰፋው በመቶ 5 ብቻ ነው።

ወደ ሃይላንዱ እንመለስ። የአዲስ አበባ አየር ግፊት ከባሕር ጠለሉ ሦስት አራተኛ ገደማ ነው። ሲዘጋ 15፣ ጅቡቲ ሲደርስ 35 ዲግሪ ነው እንበል። 1 ሊትሩን በ0.75 ማባዛት፣ ከዚያ በ308 አባዝቶ ለ288 ማካፈል ነው፤ 0.8 ሊትር ይመጣል። ፕላስቲኩ ጥቂት ስለሚቋቋም ትክክለኛው ቁጥር ትንሽ ከፍ ይላል። መንገድ ያለው አንባቢ ጠርሙሱን ዘግቶ ይያዝ፤ ሲደርስም ይለካው።