የሚጠቀለል ጌጥና የሚቀር ግድግዳ

(ከራዲዮ ንግግር የተወሰደ)



የደብረ ታቦር ስም ሲነሣ ከሁሉ አስቀድሞ ወደ አሳባችን የሚመጣው ጋፋትና ሴባስቶፖል የተባለው መድፍ ነው። ይኸም ተገቢ ነው። ነገር ግን የመድፉ ታሪክ ስንት ጊዜ ተነግሮ ሳለ፣ መድፉን የሠሩትም ሆኑ ያሠሩት ሰዎች ማታ ማታ የሚገቡበት ቤት ውስጡ ምን ይመስል እንደ ነበር፣ በምን ተመርጎ፣ በምን ተነጥፎ፣ በምን አጊጦ እንደ ነበር የሚጠይቅ ሰው እምብዛም አይገኝም። በዛሬው ንግግራችን ይህን ትንሽ የሚመስለውን ጉዳይ እናነሣለን። የመረጥነውም ያለ ምክንያት አይደለም። በዝውውር ከወረዳ ወደ ወረዳ የሚመላለስ የመንግሥት ሠራተኛ በተከራየው ቤት ውስጥ ደመወዙን በምን ላይ እንደሚያፈስ ያየ ሰው፣ ይኸው ጥያቄ ከሁለት መቶ ዓመት በፊት የደጋውን መሳፍንትና የደጋውን ገበሬ አስጨንቆ እንደ ነበር ይረዳል።

ደብረ ታቦር ከጉና ተራራ ሥር፣ ከባሕር ጠለል በላይ 2,700 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ተቀምጣለች። መናገሻ ያደረጓት የየጁው ራስ ጉግሣ መርሳ ናቸው። ራስ ጉግሣ በ1817 ዓ.ም. ካረፉ በኋላ ልጆቻቸው ተራ በተራ፣ ከእነርሱም ቀጥሎ የልጅ ልጃቸው ራስ አሊ እስከ አይሻል ጦርነት፣ ማለት እስከ ሰኔ 1845 ዓ.ም. ድረስ ከዚያ ሆነው በጌምድርን ገዝተዋል። ቀጥሎ ዐፄ ቴዎድሮስ መጡ፤ ከእርሳቸውም በኋላ ዐፄ ዮሐንስ አራተኛ ብዙ ጊዜ ተቀምጠውባታል። ጄኔራል ጎርደን በ1872 ዓ.ም. ለመልእክት መጥቶ ዐፄ ዮሐንስን ያነጋገረው በዚያው በደብረ ታቦር ነው። ይህን ያህል መኳንንት ሲፈራረቁባት የኖረች ስፍራ እንደ ጎንደር ያለ የድንጋይ ግንብ ሳታቆም መቅረቷ ያስገርማል። ምክንያቱ ግን በቋንቋችን ውስጥ ተጽፎ ይገኛል። «ከተማ» የምንለው ቃል በቀድሞው ትርጉሙ የሠራዊት ሰፈር ነበረ፤ «ከተመ» ማለትም ድንኳኑን ተክሎ ሰፈረ ማለት ነው። የሰፈረ ደግሞ ነገ ይነሣል።

ስለዚህ ባለጠጋው ሀብቱን በግድግዳ ላይ አያፈስም ነበር። ግድግዳው እንጨትና ጭቃ፣ ጣራውም ሣር ነው። ቤቱን የጌታ ቤት የሚያሰኘው በውስጡ የተዘረጋው ስጋጃ፣ የተሰቀለው መጋረጃ፣ በጠፍር አልጋው ላይ የተደረበው ልብስ፣ በምሰሶው ላይ የተንጠለጠለው ጋሻና ኮርቻ ነበር። የዘመቻ ነጋሪት በተጎሰመ ጊዜ ይኸ ሁሉ ተጠቅልሎ በበቅሎ ይጫናል፤ ጭቃው ይቀራል። ጌጡ ከሰውዬው ጋር ይዘምታል፤ በደረሰበትም ቦታ ድንኳኑን በአንድ ቀን ቤት ያደርገዋል።

ከዚህ የተለየ መንገድ የተሞከረው በጎንደር ነው። ዐፄ ፋሲለደስ በ1628 ዓ.ም. ከተማቸውን ከቆረቆሩ በኋላ ነገሥታቱ በድንጋይና በኖራ ሠሩ። በ1762 ዓ.ም. ጎንደር የገባው ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ እንደ ጻፈው፣ በዐፄ ኢያሱ ዳግማዊ ዘመን ከስምርና ሸሽተው የመጡ ግሪኮች የቤተ መንግሥቱን ክፍሎች ቀለም በተነከረ የዝሆን ጥርስና ከቬኔዚያ በመጣ መስተዋት አስጊጠዋቸው ነበር። ዛሬ ግንቡን የሚጎበኝ ሰው የሚያየው ራቁቱን የቆመ ድንጋይ ነው። የዝሆን ጥርሱም መስተዋቱም የለም። ያን ያህል ገንዘብ የፈሰሰበት ጌጥ ግድግዳው ላይ ተጣብቆ ስለ ነበረ፣ ግድግዳው ባለቤት ባጣ ጊዜ አብሮ ጠፋ።

በዚያው ዘመን በሐር የተሠራ አንድ የቤተ ክርስቲያን መጋረጃ ግን እስከ ዛሬ አለ። ርዝመቱ ከ5 ሜትር ይበልጣል፤ ከውጭ አገር ከመጣ ሐር በጎንደር ዘመን የተሠራ ሲሆን፣ በዓይነቱ በዓለም ላይ ከታወቁት ሁሉ ትልቁ ነው ይባልለታል። ዐፄ ቴዎድሮስ ጎንደርን በ1859 ዓ.ም. አስዘርፈው የአብያተ ክርስቲያናቱን ሀብት ወደ መቅደላ አስጓዙ፤ እንግሊዞች መቅደላን በሚያዝያ 1860 ዓ.ም. በያዙ ጊዜ ደግሞ መጋረጃው ወደ ለንደን ተሻገረ። ዛሬ በብሪቲሽ ሙዚየም ይገኛል። ከአገሩ መውጣቱ የሚያሳዝን ነው። ይሁን እንጂ እሳትና ዘረፋ መስተዋቱን ሲያጠፉ መጋረጃው የተረፈው የሚጠቀለል በመሆኑ ነው። የጎንደር ሠዓሊዎችም ይህን ጠባይ ያወቁ ይመስላል። ብዙውን ሥዕላቸውን በቀጥታ በግድግዳው ላይ አልሣሉትም፤ በጥጥ ጨርቅ ላይ ሥለው ጨርቁን በጭድ በተቦካ ጭቃ በተመረገው ግድግዳ ላይ ለጠፉት። ፈረንሳዊው ማርሴል ግሪዮል በ1925 ዓ.ም. ግድም ከጎንደር አባ እንጦንዮስ ቤተ ክርስቲያን ሥዕሎቹን አንሥቶ ወደ ፓሪስ ለመውሰድ የቻለው በዚሁ የተነሣ ነው። በቦታቸው ሌላ አስሥሎ ተክቷል፤ ግን ምትክ ምትክ ነው።

ወደ ደብረ ታቦር እንመለስ። በ1860 ዓ.ም. መግቢያ ላይ ዐፄ ቴዎድሮስ ደብረ ታቦርን አቃጥለው፣ ሴባስቶፖልን እያስጎተቱ ወደ መቅደላ ጉዞ ጀመሩ። መንገዱ ስድስት ወር ያህል ፈጀ። ታሪክ ጸሐፊዎቹ ሁሉ ከመድፉ ጋር አብረው ይሄዳሉ። እኛ ግን ለጥቂት ጊዜ ከአመዱ ዘንድ እንቆይ። ሣሩና እንጨቱ ከተቃጠለ በኋላ ከተማይቱ እንደ ገና ቤት ሆናለች። እንደ ገና ቤት ያደረጓት ሰዎች ስም በየትኛውም ዜና መዋዕል አልተጻፈም፤ የሚበዙትም ሴቶች ናቸው።

የደጋው ቤት ጌጥ የሚጀምረው ከአፈር ምርጫ ነው። ዋልካ አፈር ሲደርቅ ስለሚሰነጠቅ ለምርጊት አይመረጥም፤ ቀዩ አፈር ይሻላል። አፈሩ ከጤፍ ወይም ከገብስ ጭድ ጋር በውኃ ተቦክቶ ቀናት እንዲያድር ይደረጋል። ጭዱ ጭቃውን እንደ ጅማት ያያይዘዋል። መጀመሪያ ወፍራሙ ምርጊት ይመታል፤ እርሱ ከደረቀ በኋላ የላመው ይከተላል፤ መጨረሻ ላይ ግድግዳውም መሬቱም በእበት ይለቀለቃል። እበት በውስጡ ያለው የሣር ቃጫ ስንጥቁን ይደፍናል፤ አቧራውንም ያስቀራል። ነጭ አፈር በሚገኝበት አካባቢ ደግሞ ግድግዳው በእርሱ ይቀባል፤ ክፍሉም ወዲያው ብርሃን ያገኛል። መስኮት በሌለው ወይም መስኮቱ በጠበበ ቤት ይኸ ብርሃን ከመብራት ዘይት የሚያድን ጥቅም እንጂ ለውበት ብቻ የሚደረግ አይደለም።

ከግድግዳው ጋር አንድ ሆኖ የሚሠራው መደብ ወንበርም አልጋም ነው። ጎታው በጓዳ ቆሞ እህል ከመያዙም በላይ ክፍል ይከፍላል፤ የሚከፍለውም ያለ ምንም የእንጨት ወጪ ነው። በእነዚህ በማይነሡት ላይ የሚነሣው ይደረባል። ለመቀመጫ አጎዛ፣ ለመኝታ ቁርበት፣ ለብርድ ከበግ ጠጉር የተሠራ ባና ይቀርባል፤ የፋርጣና የጉና ደጋ የበግ አገር ነውና ጠጉሩ ሩቅ አይፈለግም። መሬቱም በበዓል ቀን ቄጠማ ይጎዘጎዝበታል፤ ዛሬ ተጎዝጉዞ ነገ የሚጠረግ ምንጣፍ!

የስፌቱን ነገር በአጭሩ ማለፍ አይቻልም። ከስንደዶና ከአክርማ የሚሠራው መሶብ፣ ሙዳይ፣ ሌማትና ሰፌድ ሥራ በሌለበት ሰዓት በግድግዳው ላይ ይሰቀላል። ዕቃ ማስቀመጫ ቦታ የማይበቃ ቤት ዕቃውን ራሱን ሥዕል አደረገው ማለት ነው። አንዲት ልጅ ለትዳር ስትዘጋጅ የምትሰፋው ስፌት ሙያዋን በቤቱ ግድግዳ ላይ የሚያሳውቅ ምስክር ነበረ። እንግዳም ገና ሳይቀመጥ ዓይኑን ወደዚያ ይጥላል። የአለላው ቀለም ታሪክም የሰፊው ዓለም ታሪክ ነው። ዐፄ ቴዎድሮስ በነገሡ በዓመቱ፣ ማለት በ1848 ዓ.ም.፣ ዊልያም ፐርኪን የተባለ የ18 ዓመት እንግሊዛዊ ለወባ መድኃኒት ሲፈልግ በለንደን ሳያስበው የመጀመሪያውን የፋብሪካ ቀለም አገኘ። ከዚያ በኋላ እንዲህ ያለው የዱቄት ቀለም በየገበያው ደረሰ። ዛሬ የአገራችን መሶብ የሚደምቅበት ሐምራዊና አረንጓዴ ከጥንት ጀምሮ የነበረ ይመስለናል እንጂ፣ ብዙው ከዚህ ግኝት በኋላ የመጣ ነው። ሰፊዎቹ ግን ቀለሙን ተቀበሉ እንጂ መልኩን አልተቀበሉም፤ መልኩ የራሳቸው ነው።

እዚህ ላይ ሁለት መራራ ነገር አለ። የመጀመሪያው፣ ቤቱን ያስጌጠው ሸማኔና ማሰሮውን የሠራችው ሸክላ ሠሪ በሙያቸው ሲሰደቡ መኖራቸው ነው። ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛ በሙያው እንዳይሰደብ በአዋጅ እስከ መከልከል ደርሰዋል። በሰው እጅ ሥራ ቤትን አሳምሮ ሠሪውን ከደጅ ማስቀረት የሚያኮራ ልማድ አልነበረም። ሁለተኛው፣ «ያለ ገንዘብ ያማረ ቤት» ስንል የሴቲቱን ድካም በሒሳብ አለማስገባታችን ነው። እበቱ በየሳምንቱ ይለቀለቃል፤ ምርጊቱም ክረምቱ ባለፈ ቁጥር ይታደሳል፤ ውኃውም ከወንዝ በእንስራ ይመጣል። ርካሽ የሆነው ለሚቀመጥበት ሰው ነው።

ከዚያ ወዲህ ያለውን ፈጠን ብለን እንለፍ። የቆርቆሮ ጣራ መጣ። ቆርቆሮ ሣሩን ከማደስ አሳረፈ፤ ነገር ግን ሙቀቱንና የዝናቡን ጩኸት ይዞ ስለ መጣ ከሥሩ ኮርኒስ አስፈለገ። እንጨቱ ውድ ነውና ሰዉ አቡጀዲ ወጥሮ ኮርኒስ አደረገው፤ አቡጀዲው በተወደደ ጊዜም የማዳበሪያ ጆንያ ተሰፍቶ ተተካ። ከ1960ዎቹ ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ ቻይናውያን መሐንዲሶች ከወረታ በደብረ ታቦርና በጋይንት በኩል ወደ ወልድያ የሚወስደውን መንገድ ሲሠሩ፣ የፋብሪካ ዕቃ በጭነት መኪና ወደ ደጋው መውጣት ቀለለው። የፕላስቲክ ምንጣፍ በቄጠማው ቦታ ገባ። ሶፋና ብፌም መደቡን አስፈረሱ።

መደቡ ግን በሁሉም ዘንድ አልፈረሰም። በዚያው በደቡብ ጎንደር፣ በፎገራ ወረዳ፣ በ1964 ዓ.ም. በዙምራ ኑሩ አስተባባሪነት የተመሠረተው የአውራምባ ማኅበረሰብ መቀመጫውን፣ የዕቃ መደርደሪያውንና ማገዶ የሚቆጥበውን ምድጃ ከጭቃ ሠርቶ ቤቱን ያሳመረ ሕዝብ ነው። ከሁሉ የሚበልጠው ግን ሥራው የተከፋፈለበት መንገድ ነው። በአውራምባ ወንድ እንጀራ ይጋግራል፤ ሴት በሸማኔ ዕቃ ላይ ትቀመጣለች። ቀደም ብለን መራራ ያልነውን ሁለቱንም ነገር፣ የሸማኔውን መናቅና የሴቲቱን ብቻዋን መድከም፣ በአንድ ጣራ ሥር ለማስተካከል ተነሥተዋል። እንደ እኔ አስተያየት የጭቃ ወንበራቸው የሚያምረው ከዚህ የተነሣ ነው።

አሁን ወደ እኛ ወደ ደመወዝተኞቹ እንምጣ። የዝውውር ደብዳቤ በደረሰ ጊዜ በየከተማው የምናየው ምንድን ነው? ብፌው በበር አይወጣም፤ ቢወጣም የጭነት ኪራዩ ከዋጋው ይበልጣል፤ ስለዚህ በዱቤ የተገዛው ዕቃ ዱቤው ሳያልቅ በግማሽ ዋጋ ለጎረቤት ይሸጣል። በአዲሱ ቦታም ሌላ ብፌ በሌላ ዱቤ ይገዛል። የራስ አሊ ሰዎች ይህን ቢያዩ ይስቁብን ነበር። በተከራየነው ቤት ግድግዳ ላይ፣ ባለቤቱ ከፈቀደ፣ አንድ ባልዲ ኖራ መቀባት ይበቃል፤ ለአከራዩ ቢቀርም አያስቆጭም። ገንዘቡ መዋል ያለበት ተጠቅልሎ በአውቶቡስ ላይ በሚጫነው ላይ ነው። ከደብረ ታቦር ገበያ የተገዛ ባና፣ ጥለቱ ያማረ መጋረጃ፣ ሁለት ሦስት የስፌት ዕቃ የትኛውንም ባዶ ክፍል በአንድ ከሰዓት በኋላ የሰው ቤት ያደርጉታል። መጋረጃውን ከወለሉ እስከ ጣራው ድረስ አስረዝሞ መስቀል ዝቅተኛውን ክፍል ከፍ አድርጎ ያሳያል። ስፌቱም በአንድ ግድግዳ ላይ ተሰብስቦ ቢሰቀል በአራቱም ላይ ከሚበተን ይልቅ ዓይን ይይዛል፤ የደጋ ሴቶች ይህን ያለ መምህር ያውቁታል።

ስለ ጋዜጣም አንድ ነገር ሳንናገር አንለፍ። በከተሞቻችን ብዙ ቤቶች ግድግዳውና ኮርኒሱ በአሮጌ ጋዜጣ ተለብጦ ኖሯል። የስንዴ ዱቄት በቀዝቃዛ ውኃ ተበጥብጦ እስኪወፍር ድረስ በእሳት ላይ ሲማሰል ኮላ ይሆናል፤ ትኋንና አይጥ እንዳይወዱትም አንዳንዱ ሰው መራራ ቅጠል ጨምቆ ይጨምርበታል። ወረቀቱ ነፋስ ይከለክላል፤ አቧራም ይይዛል። ብዙ ልጆች ፊደል የለዩት ተኝተው ኮርኒሱን በማንበብ ነው። ለጣፊው ሊጠነቀቅበት የሚገባው ነገር ቢኖር ገጹን አለመገልበጥ ነው፤ ፎቶግራፍ ያለበት ገጽ ወደ ታች፣ በዓይን ትክክል ይሁን፤ እንዲህ እንደ እኛው ያለ ረጅም ጽሑፍ የሞላበት ገጽ ደግሞ ከአልጋው ራስጌ ይለጠፍ፤ እንቅልፍ እስኪመጣ ድረስ የሚነበብ ነገር ይፈለጋልና።