ባሩድ የሚጐርሰው ሽጉጥና የአጉራሹ እጅ

በዐሥራ ዘጠነኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ላይ ሽጉጥ የታጠቀ ሰው ዛሬ እንደሚደረገው የተሰናዳ ጥይት ገዝቶ አይጐርስም ነበር። ባሩዱን ሰፍሮ፥ እርሳሱን አቅልጦ የሚያሰናዳው ራሱ ነበረ፤ ከዚህም የተነሣ ዒላማ መምታትና መሳት ከሠሪው ጥበብ ያላነሰ በአጉራሹ እጅ ላይ ይቆም ነበር። የዚያን ዘመን መሣሪያ ሁሉ ዒላማ የማያውቅ ነበር የሚሉ ሰዎች ይህን አይመለከቱትም።

አሜሪካዊው ሳሙኤል ኮልት ከበሮው የሚሽከረከረውን ሽጉጥ በአገሩ ያስመዘገበው በፈረንጆች አቆጣጠር በ1836 ዓ.ም. ነው። በ1847 ከሻምበል ሳሙኤል ዎከር ጋራ ተመካክሮ ያወጣው ሽጉጥ ሁለት ኪሎ ያህል የሚመዝንና በአንድ ጐሬ እስከ 4 ግራም ገደማ ባሩድ የሚጐርስ ነበረ። ባሩድ በበዛ ቁጥር ይበጃል የሚለው አሳብ በዚሁ ተፈተነ፤ ከከበሮዎቹ አንዳንዶቹ ሲተኰሱ ፈነዱ። በ1851 የወጣውና «ኔቪ» የተባለው ግን አንድ ግራም ተኩል ያህል ባሩድ ይበቃው ነበርና፥ በሚዛኑም በአነጣጠሩም ተመሰገነ።

አጐራረሱ እንዲህ ነው። አጉራሹ መዶሻውን በግማሽ ስቦ ከበሮውን እያዞረ በየጐሬው ባሩድ በስፍር ይጨምራል፤ የእርሳሱን ድቡልቡል በላዩ አኑሮ ከበርሜሉ በታች ባለው ዘንግ ይጠቀጥቀዋል። ድቡልቡሉ ከጐሬው ጥቂት ይሰፋልና ሲገባ ዙሪያው ተልጦ እንደ ቀጭን ቀለበት ይወድቃል፤ ቀለበቱም ጐሬው በሚገባ ለመደፈኑ ምልክት ነው። ሳይላጥ የገባ እርሳስ የላላ ስለሆነ ጐረቤቱ ሲተኰስ ወደ ፊት ይንሸራተታል፤ እሳትም ሊያሾልክ ይችላል። በመጨረሻ የጐሬው አፍ በሞራና በሰም ይለሰናል፥ ከኋላውም የመዳብ ቆብ ይደፋበታል። ከባሩድ ከግማሽ የሚበልጠው ሲቃጠል ጋዝ ሳይሆን ጥላሸትና ዝቃጭ ሆኖ ይቀራልና፥ ሞራው ይህን እድፍ እያለሰለሰ በርሜሉን ያድነዋል።

ጥንቁቅ ተኳሽ ለስድስቱም ጐሬዎች ስፍሩን እኩል ያደርጋል፤ ዘንጉንም በአንድ ዓይነት ኀይል ይጫናል። ባሩዱን ሲቀንስ ግን እርሳሱ ወደ ታች ይጠልቅና ወደ በርሜሉ ጠመዝማዛ ቦይ ለመድረስ ባዶ መንገድ ይዘላል። ስለዚህ በባሩዱና በእርሳሱ መካከል የበቆሎ ዱቄት ጨምሮ እርሳሱን ወደ አፍ ማቅረብ ይበጃል። በጦር ሜዳ ለዚህ ሁሉ ጊዜ አይገኝም። ከ1861 እስከ 1865 በተደረገው የአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ወታደሮች ባሩድና እርሳስ በወረቀት ተጠቅልሎ ይሰጣቸው ነበር፤ የፈለጉት ፍጥነትን ነበርና።

ዘመኑ ከኢትዮጵያም ታሪክ ጋራ ይገናኛል። ንግሥት ቪክቶሪያ ለቆንስል ፕላውደን ስለ ተደረገለት ቸርነት ምስጋና ብላ ለዐፄ ቴዎድሮስ ሽጉጥ ልካ ነበር፤ ንጉሠ ነገሥቱም ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. በመቅደላ ሕይወታቸውን ያሳለፉት በዚሁ ስጦታ ነው።

በእጅ የማጉረሱ ዘመን የሚያልፍበት ምክንያት ግን አስቀድሞ ተገኝቶ ነበር። ስሚዝ እና ዌሰን በ1857 ቀለሃ ያለው ጥይት የሚጐርስ ሽጉጥ አወጡ፤ ሌሎች ግን የባለቤትነቱ መብት በ1869 እስኪያልቅ ድረስ መጠበቅ ግድ ሆነባቸው። የኮልት ፋብሪካም በ1873 ዝነኛውን ባለ ቀለሃ ሽጉጥ ሲያወጣ፥ ባሩዱን መስፈር ከአጉራሹ እጅ ወጥቶ ወደ ጥይት ፋብሪካው ተዛወረ።