ከአጣጥ እስከ ኤምታንሲን፦ በመድኃኒት ስም ውስጥ ያለ ታሪክ

አነስተኛ የባዮቴክኖሎጂ ኩባንያዎች በምርምር ላይ ያለ መድኃኒታቸውን መጀመሪያ የሚያስታውቁት ብዙውን ጊዜ በፊደልና በቁጥር ነው። «አይ ኤም ጂ ኤን 853» የሚለው መለያ ለምሳሌ በውስጡ የትኛው ፀረ ካንሰር ንጥረ ነገር እንዳለ ለአንባቢው አይናገርም። ግምቱን የሚፈታው በኋላ የሚሰጠው ዓለም አቀፍ ስም ነው፤ ይህ መድኃኒት ሚርቬቱክሲማብ ሶራቭታንሲን ተባለ። በጋይንት ቤተ ልሔም ድጓ የሚያስመሰክር ተማሪ ከቃሉ በላይ ከተጻፉት ጥቃቅን ምልክቶች ዜማውን እንደሚያውቅ ሁሉ፣ የስያሜውን ሥርዓት የሚያውቅ ባለሙያም ከቅጥያው የመድኃኒቱን ምንጭ ይረዳል። «ታንሲን» የሚለው ቅጥያ ወደ ኢትዮጵያ ይመራል።

የአሜሪካ ብሔራዊ የካንሰር ኢንስቲትዩት እ.ኤ.አ. ከ1960 ጀምሮ ከአገሪቱ የእርሻ መሥሪያ ቤት ጋር በመተባበር ዕፀዋትን ከየአገሩ እያስሰበሰበ ይመረምር ነበር። በዚያው አሥርት መጀመሪያ ከኢትዮጵያ ከተወሰዱት ናሙናዎች አንዱ ማይቴነስ ኦቫተስ የተባለ ቁጥቋጦ ነው። በደቡብ ጎንደር የቤተ ክርስቲያን ደኖች ጭምር የሚበቅሉትና በአማርኛ አጣጥ የሚባሉት ዕፀዋት የዚሁ ወገን ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1972 የቨርጂኒያ ዩኒቨርሲቲው ኬሚስት ሞሪስ ከፕቻንና ባልደረቦቻቸው ከዚህ ቁጥቋጦ ማይታንሲንን ለይተው አወጡ። ከአንድ ኪሎ ግራም ደረቅ ተክል የሚገኘው ከአንድ ሚሊግራም በታች ነበር።

ማይታንሲን ከቱቡሊን ጋር ተጣብቆ የማይክሮቱቡሎችን ግንባታ ስለሚያግድ የሕዋስ ክፍፍልን ያቆማል። ኃይለኛነቱ ግን ለበሽተኛውም ተረፈ። በ1970ዎቹ በተደረጉት ሙከራዎች ብርቱ ትውከትና ተቅማጥ፣ የጉበትና የነርቭ ጉዳት ታየ፤ ጥቅሙም አነስተኛ ሆኖ በመገኘቱ ሙከራው በ1980ዎቹ መጀመሪያ ተቋረጠ። በሌላ በኩል እ.ኤ.አ. በ1977 የጃፓኑ ታኬዳ ኩባንያ ተመራማሪዎች ተመሳሳይ ንጥረ ነገሮችን፣ አንሳሚቶሲኖችን፣ ከባክቴሪያ አገኙ። ከዚያ በኋላ ቁጥቋጦውን መቁረጥ ሳያስፈልግ በማብላላት ማምረት ተቻለ።

የተጣለውን መድኃኒት ያነሣው እ.ኤ.አ. በ1981 የተመሠረተው ኢሚውኖጄን ነው። ሐሳቡ መርዙን ከፀረ እንግዳ አካል ጋር በማያያዝ በቀጥታ ወደ ካንሰር ሕዋስ ማድረስ ነበር። ጀነንቴክ በፈቃድ ወስዶ ከትራስቱዙማብ ጋር ያጣመረው ትራስቱዙማብ ኤምታንሲን እ.ኤ.አ. በየካቲት 2013 በአሜሪካ ተፈቀደ። ኤሚሊያ በተባለው ጥናት ኸር 2 አዎንታዊ የሆነና የተሰራጨ የጡት ካንሰር ያለባቸው ሴቶች መካከለኛ የሕይወት ዘመን 30.9 ወር ሲሆን፣ በላፓቲኒብና ካፔሲታቢን የታከሙት 25.1 ወር ነበር። ለእንቁልጢ ካንሰር የዋለው ሶራቭታንሲን እ.ኤ.አ. በ2022 ተፈቀደ። አብቪም እ.ኤ.አ. በ2024 ኢሚውኖጄንን በ10 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ገዛው።

ስሙን የማንበቡ ጉዳይ ለጤና ባለሙያ ዕውቀት ብቻ ሳይሆን ጥንቃቄም ነው። ትራስቱዙማብና ትራስቱዙማብ ኤምታንሲን ሊተካኩ አይችሉም፤ የመጀመሪያው በየ3 ሳምንቱ ሲሰጥ የተለመደው መጠን በኪሎ ግራም 6 ሚሊግራም፣ የሁለተኛው ግን 3.6 ሚሊግራም ነው። የአሜሪካ የመድኃኒት ባለሥልጣን ስሕተትን ለመከላከል በሁለተኛው ስም መግቢያ ላይ «አዶ» የሚል ቅጥያ አስጨምሯል። «ታንሲን» የሚለውን ያየ ሐኪም የጉበት፣ የነርቭና የፕሌትሌት ክትትልን፣ ለሶራቭታንሲን ደግሞ የዓይን ምርመራን ያስባል። የአጣጥ ቅጠል ወይም ሥር ቀቅሎ መጠጣት ግን የካንሰር ሕክምና እንዳልሆነ ለበሽተኞች መንገር ይገባል።

ናሙናው ሲወሰድ ስለ ጥቅም መጋራት የሚደነግግ ሕግ አልነበረም። ዓለም አቀፉ የብዝኃ ሕይወት ስምምነት የተፈረመው እ.ኤ.አ. በ1992፣ የኢትዮጵያ የጄኔቲክ ሀብት አዋጅ ቁጥር 482 የወጣውም በ1998 ዓ.ም. ነው። ስለዚህ ከአገሪቱ ቁጥቋጦ የተጀመረው መድኃኒት ለአገሪቱ ሴቶች በዋጋው ምክንያት ሩቅ ሆኖ ቀርቷል። ያለፈውን ሕጉ ሊመልሰው ባይችልም፣ ለሚመጣው ናሙና የሚያገለግለው ከየት፣ መቼና በማን ፈቃድ እንደተወሰደ በጽሑፍ ሲቀመጥ ብቻ ነው።